ሟርተኛ ያልናቸው መምህር

መምህር ጴጥሮስን የቀበርናቸው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ነው። ሰው አልመጣም ብዬ አልዋሽም፤ የቀረውን ዕድሩ ስለሚቀጣ መጥቷል። ሐዋሳ ውስጥ በቱላ መንገድ ባለው መቃብር ወንዶቹ በአንድ ወገን፣ ሴቶቹ በሌላ ወገን ቆመው መዝሙሩን ቸኩለው ዘመሩ፤ አፈሩ ተመልሶ ሳያልቅ ግማሹ ወደ ባጃጁ ሄዷል። ከኋላዬ የቆመ አንድ ሰው ለባልንጀራው፣ «እንግዲህ አፋቸውም አብሮ ገባ» አለው። ዞር ብዬ አየሁት። ሦስቱንም ልጆቹን ያስተማሩለት ሰው ነው።

እኛ ዘንድ ሰው ሲሞት «ምን ሆኖ ነው?» ተብሎ ይጠየቃል። እሳቸው ሲሞቱ የተጠየቀው «ማንን ያስከትሉ ይሆን?» የሚል ነው። በመጨረሻው ዓመታቸው በሰፈራችንና በቤተ ክርስቲያናችን የታሪክ መምህርነታቸው ተረስቶ ሟርተኛ ብቻ ሆነው ነበር። ክፉ ይናገራሉ፣ የተናገሩት ደግሞ ይደርሳል ተባሉ። ታናሽ እህታቸው እትዬ አስቴር እንኳ ለቀብራቸው አልመጣችም። ቤቷ ከእሳቸው ቤት የሚለየው በአንድ አጥር ነው።

ይህን የምጽፈው ተናድጄ ነው፤ ይታወቅልኝ።

እኔ ባዮሎጂ አስተምራለሁ፤ እሳቸው ታሪክ ያስተምሩ ነበር። ከመንግሥት ትምህርት ቤት በጡረታ ከወጡ በኋላ ነው እኛ ወዳለንበት የግል ትምህርት ቤት የመጡት። በመምህራን ክፍል ጠረጴዛችን የተጣበቀ ስለነበር፣ ወደድኩም ጠላሁም፣ ስለ አንድ የፈረንሳይ ጦር በአገሪቱ ካለ ከማንኛውም የባዮሎጂ አስተማሪ የበለጠ አውቃለሁ። ጦሩ ፈረንሳዮች አፍሪካን ሲይዙ ከያዙት ሕዝብ መካከል እየመለመሉ ያቋቋሙት ነው፤ የሴኔጋል ተኳሾች ይባል ነበር። ከማሊም ይምጣ ከጊኒ፣ ከቻድም ይምጣ ከሌላ፣ የገባበት ሁሉ ስሙ ሴኔጋል ነው። በመጀመሪያ ከገቡት ብዙዎቹ ከጌቶቻቸው በገንዘብ የተገዙ ባሪያዎች ነበሩ። ነጻ ወጣችሁ ተባሉ፤ የነጻነታቸውን ዋጋ በውትድርና እንዲከፍሉ ግን አስፈረሟቸው። መምህር ጴጥሮስ እዚህ ላይ ሲደርሱ ሁልጊዜ ጣታቸውን ጠረጴዛው ላይ አሳርፈው፣ «ልብ በል፣ በሩ ላይ የተጻፈው ነጻነት ነው» ይሉኛል።

ይህን ሁሉ ከመጽሐፍ ብቻ አልነበረም የሚያውቁት። አባታቸው በወጣትነታቸው ከከምባታ ተነስተው፣ አዲስ አበባ ላይ ባቡር ተሳፍረው ጂቡቲ ወረዱ። ወደብ ላይ ሸክም ሲሸከሙ ቆይተው ፈረንሳዮቹ ወታደር ሲመለምሉ ገቡበት። የከምባታው ልጅ ሴኔጋል ተብሎ ባሕር ተሻገረ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጀርመንን እየገፉ ሄደው ድሉ ሲቃረብ፣ ጥቁሮቹ ወታደሮች ከግንባር ይነሱ የሚል ትእዛዝ መጣ። ካፖርታቸውን አስወልቀው በቦታቸው ለተተኩት ነጭ ወጣቶች አለበሱት። ምክንያቱ ክረምቱ ነው ተባለ። መምህር ጴጥሮስ ይህን ሲያወሩ በአፍንጫቸው ይስቁ ነበር፦ «ብርዱ አይስማማቸውም ብለው፣ በብርድ ካፖርታቸውን አወለቁባቸው።»

አባታቸው አገራቸው ከተመለሱ በኋላ እስኪሞቱ ድረስ ሰው ፊት ኮታቸውን አውልቀው አያውቁም ነበር አሉ። በሐዋሳ ሙቀት፣ ላብ አንገታቸው ላይ እየወረደ፣ ኮታቸውን እንደቆለፉ ይቀመጣሉ። ልጃቸው ከዚህ የወረሱት አንድ ልማድ ነበራቸው። ሲያወሩህ እጃቸው ሳያስቡት ወደ ኮትህ ይሄድና ቁልፍህን ይቆልፉልሃል። አዲስ የመጡ መምህራን ደንግጠው ወደ ኋላ ይላሉ። ርእሰ መምህሩ ከሳቸው ጋር ሲነጋገር ቀድሞ ራሱ ቆልፎ ይጠብቃቸዋል፤ እኛም በዚህ ስንስቅ ኖረናል።

ሌላው የማይረሳኝ አባባላቸው ነው። «የሄደውን አትንገረኝ፤ የተመለሰውን አሳየኝ» ይላሉ። አንድ ሰው ልጁ ደቡብ አፍሪካ ገባ ብሎ ደስታውን ሲያካፍል ይህን ይላሉ፤ ሰውየውም ይቀየማል። ለእኔ እስክሪብቶ ሲያበድሩኝም ይህንኑ ይሉኝ ነበር።

አንድ የኅዳር ጠዋት ከክፍላቸው ሳቅ ሰምቼ በመስኮት አየሁ። ተማሪዎቹን አስቆመዋል።

«ስምህ ማነው?»

«ናትናኤል።»

«ተቀመጥ፣ ሴኔጋል። አንቺስ?»

«ትዕግሥት።»

«ተቀመጪ፣ ሴኔጋል።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ የኋላ ረድፍ የተቀመጡትን ሹራባቸውን አስወልቀው ለፊተኛው ረድፍ አስደረቡ። «አሁን ፎቶ እንነሳለን፤ የኋለኞቹ ግን ከፎቶው ውጡልን» ብለው ወደ ደጅ አስወጧቸው። ውስጥ ያሉት ሹራብ በሹራብ ደርበው፣ ደጅ ያሉት ክንዳቸውን አቅፈው በመስኮት ተያዩ። ሳቁ ቀስ በቀስ ቆመ። አንዲት ልጅ ደጅ ቆማ አለቀሰች። በማግስቱ ወላጅ ከሰሰና መምህር ጴጥሮስ ተጠሩ። «ይህ ትምህርት በቃል አይያዝም፤ ትንሽ ሊበርዳቸው ይገባል» አሉ። ማስጠንቀቂያ ተሰጣቸው፤ እሳቸውም ተቀበሉ። የዚያ ዓመት ልጆች ግን ዛሬም ያን ጦር አይረሱትም።

ወንድም ኢዮብ ወደ ከተማችን የመጣው ባለፈው ጥቅምት ነው። የአንድ ሽማግሌያችን የወንድም ልጅ ነው፤ ውጭ አገር ብዙ ዓመት ኖሯል። ጫማው ያብረቀርቃል፣ ጸሎቱ ያስለቅሳል። አውሮፓ ጫፍ ላይ ላለ ድርጅት የጥበቃ ሠራተኞች እንደሚፈልግ፣ በመጀመሪያ ለወገኖቹ ልጆች ዕድሉን ሊሰጥ እንደመጣ ተናገረ። አገሩን በስሙ እንዲነግረኝ ጠየቅሁት።

«ሂደት ላይ ስለሆነ ባልናገር ይሻላል፣ ወንድሜ» አለኝ። «ጠላት ይሰማል።»

ጠላት ያለው ሰይጣንን ነው። በእኛ ዘንድ ይህ ብልህነት ነው። ቪዛም ይሁን እርግዝና፣ የተጀመረ ነገር እስኪፈጸም አይወራም፤ ክፉ ቃልም በአጠገቡ አይነገርም። ቃል ያስራል፣ ቃል ይፈታል ብለን እናምናለን። ስለዚህ ልጆቹ ወዴት እንደሚሄዱ አለማወቃቸው ማንንም አላስፈራም፤ እንዲያውም እንደ እምነት ተቆጠረላቸው።

መምህር ጴጥሮስን ያስፈራቸው ግን ደረት መለካቱ ነው። ፒያሳ ካሉት ሆቴሎች በአንዱ በኩል ሲያልፉ፣ በጓሮው ወጣቶች ሸሚዛቸውን አውልቀው ተሰልፈው ያያሉ። ወንድም ኢዮብ በልብስ ሰፊ ሜትር ደረታቸውን ይለካል፤ አንድ የማያውቁት ሰው ደግሞ አፋቸውን አስከፍቶ ጥርሳቸውን ያያል። ከተሰለፉት አንዱ በረከት ነበር።

በረከት የእትዬ አስቴር አንድ ልጅ ነው። አባቱ ገና ሕፃን ሳለ ስለሞተ፣ መምህር ጴጥሮስም የራሳቸው ልጅ ስለሌላቸው፣ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው ማለት ይቻላል። ሲቪል ምሕንድስና ተመርቆ የሰው ባጃጅ ይነዳል። ረጅም፣ ተጫዋች፣ አጎቱን በፍቅር የሚያላግጥ ልጅ ነበር።

በማግስቱ መምህር ጴጥሮስ ወደ እኔ ጠረጴዛ ዞረው፣ «የጥበቃ ሰው ጥርሱ ምን ያደርጋል?» አሉኝ። እጃቸው የኮቴ ቁልፍ ላይ ነበር፤ መቆለፉን ግን ረስተውት ያዝ አድርገው ብቻ ቆሙ። «ምህረቱ፣ ጥርስ የሚታየው የጦር ሜዳ ደረቅ ምግብ ለሚበላ ወታደር ነው። ልጁን ላናግረው ነው፤ አንተም ና፤ እኔን ብቻዬን አይሰማኝም።»

ቅዳሜ ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ሄድን። የዓሣ ጥብስ ከሚያቃጥለው ማባያ ከዳጣ ጋር ቀረበልን። ከተቀመጥንበት ጥቂት ራቅ ብሎ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ አሞራዎች አንገታቸውን ቀብረው፣ ዓሣ የሚበልቱትን ሰዎች እጅ እያዩ ቆመዋል። በረከት ደስ ብሎታል፤ ለእናቱ ቤት ጣሪያ እንደሚቀይር ያወራል።

«ኮንትራቱ በምን ቋንቋ ነው የተጻፈው?» አሉት መምህር ጴጥሮስ።

«በነሱ ቋንቋ ነው፣ ጋሼ። ወንድም ኢዮብ ተርጉሞልናል።»

«ሙሉውን?»

«ዋና ዋናውን።»

«ስልካችሁንስ?»

«ሥልጠና ላይ ለጊዜው ይሰበስባሉ አለ። የድርጅቱ ደንብ ነው።»

«ብትሞት ለእናትህ ማን ይነግራታል?»

በረከት ዓሣውን አስቀመጠና ወደ እኔ ዞረ። «ይኸው ጀመሩ» አለ፣ እየሳቀ።

መምህር ጴጥሮስ አልሳቁም። «ፈረንሳዮች በመጀመሪያው ትልቅ ጦርነት ሰው አለቀባቸው» አሉ። «መንደሮቹ ልጅ አንሰጥም ብለው ሸፈቱ። ነጭ ቢልኩባቸው ጫካ ይገባሉ። ምን እንዳደረጉ ታውቃለህ? ከራሳቸው የወጣ ጥቁር ሰው ላኩ። የተማረ፣ ያማረበት፣ አነጋገር የሚያውቅ። ለልጆቻችሁ መብት ይዤ መጥቻለሁ አላቸው። በጠመንጃ እምቢ ያሉት በሱ ምላስ በገዛ እግራቸው መጡ። ሰውየው እኮ ክፉ አልነበረም ይባላል፤ የሚናገረውን ያምን ነበር። እኔን የሚያስፈራኝ ያ ነው።»

በረከት እስኪጨርሱ አዳመጣቸው። ከዚያ በለሰለሰ ድምፅ፣ «እሺ ጋሼ፣ እውነት ነው እንበል» አለ። «አሁን እርስዎ ይንገሩኝ፤ ብቀር ምን ልሁን? እማዬ የደም ግፊት መድኃኒቷን ግማሽ ግማሹን እየሰበረች እንደምትውጥ ያውቃሉ? በየቀኑ ነው የማያት።»

ይህን ሳልጽፍ ባልፍ እኔም ከሐሜተኞቻቸው አልሻልም፤ መምህር ጴጥሮስ ሁሉን የሚያውቁ ሰው አልነበሩም። እንዳይሄድ የሚሉበት ብዙ ነበራቸው፤ እንዲቀር የሚሰጡት ግን አልነበራቸውም።

«ብትቀር ባጃጅ ትነዳለህ» አሉት በመጨረሻ። «ሌላ የማውቀው የለኝም።»

በረከት እጃቸውን ሳመና ሒሳቡን እሱ ከፈለ።

ሽኝቱ የተደረገው እሁድ ከስብከት በኋላ ነው። አምስቱ ወጣቶች መድረኩ ፊት ተንበረከኩ። ሽማግሌዎች እጅ ሊጭኑባቸው ወረዱ፤ ዘማሪዎቹ ለስለስ ያለ መዝሙር ጀመሩ። መምህር ጴጥሮስ ከአጠገቤ ተነስተው ወደ ፊት ሲሄዱ፣ ሊጸልዩላቸው መስሎኝ ነበር። ማይኩን ከፓስተሩ እጅ በትሕትና ተቀበሉ።

«ወገኖቼ፣ እነዚህ ልጆች የሚሄዱት ለጥበቃ አይደለም» አሉ። «የሚሄዱት ወደ ሰው ጦርነት ነው። ከፊት ያሰልፏቸዋል፤ ስማቸውን የሚያውቅ አይኖርም፤ ሲሞቱም የሚነግረን የለም። እባካችሁ አንላካቸው።»

ከሴቶቹ በኩል «አንቀበልም!» የሚል ድምፅ ተነሳ፤ ሌላውም ተቀበለው። «በኢየሱስ ስም አንቀበልም! ይሻር!» ሰው እጁን ወደ መድረኩ ዘርግቶ፣ ዝንብ እንደሚያባርር እያወናጨፈ ቃላቸውን ከልጆቹ ላይ ያራግፋል። እትዬ አስቴር ከመቀመጫዋ ሮጣ ወጣችና በወንድሟና በልጇ መካከል ገባች። «ጋሽዬ፣ ምን አደረግኩህ?» አለች። «በአንድ ልጄ ላይ ለምን ታሟርትብኛለህ?»

ፓስተሩ ማይኩን ወሰደ። የተነገረው ክፉ ቃል ሁሉ እንዲሻር ረጅም ጸሎት ጸለየ፤ የሁሉም አሜን ጣሪያውን አናወጠው። መምህር ጴጥሮስ ባሉበት ቆመው ነበር። ጸሎቱ ሲያልቅ በረከት አጠገብ ዝቅ አሉና፣ አዲስ የገዛውን ጃኬት እስከ አንገቱ ዘጉለት። ልጁም አልከለከላቸውም።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ወሬው መልካም ነበር። በረዶ ላይ የተነሱት ፎቶ መጣ፤ አረንጓዴ ልብስ ለብሰዋል፤ ልብሱ ላይ የማንም ምልክት የለም። አንድ ቀን በረከት ደውሎ ለእናቱ፣ «ለጋሼ ንገሪልኝ፣ ካፖርት ሰጥተውናል» ብሎ ሳቀ። እሷም ያኔ ገና ፈጽማ ስላላኮረፈቻቸው በአጥሩ ላይ ነገረቻቸው። መምህር ጴጥሮስ፣ «መስጠቱንማ ይሰጣሉ» ብለው ወደ ቤት ገቡ።

ከዚያ በኋላ ስልክ የለም። የአምስቱም ቤተሰብ ስልክ አንድ ላይ ጸጥ አለ። ወንድም ኢዮብ፣ ወደ ሥራ ቦታ ስለገቡ ኔትወርክ የለም አለ። ቆየና፣ የደህንነት ደንብ ነው አለ። በመጨረሻ ፊቱን አጥቁሮ፣ «እኔ ምን ላድርግ? መንገዳቸው ላይ ቃል ወድቋል» አለ። ይህቺ አንድ ዓረፍተ ነገር በቂ ነበረች። የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ፤ ሰፈሩ የፈራው ነገር ሲደርስበት ያደረሰውን ሰው ወዲያው አገኘ።

መምህር ጴጥሮስ አግዳሚ ወንበር ላይ ሲቀመጡ ሰዉ ለመዝሙር እንደሚነሳ ሆኖ ይነሳና ሌላ ቦታ ይቀመጣል። የሚያገቡ ልጆች ሽማግሌ ልከው ሠርጋቸው ላይ እንዳይገኙ ለመኗቸው፤ ስጦታ ግን አልጠሉም። ነፍሰ ጡሮች መንገድ ይቀይራሉ። ርእሰ መምህሩ በወላጆች ጥያቄ ክፍለ ጊዜያቸውን ቀነሰባቸው። ያ ሁሉ የሚያወራ ሰው መምህራን ክፍል ውስጥ ዝም ብሎ መቀመጥ ጀመረ። «ዛሬ ይዘንብ ይሆን?» ብለው ለቀልድ ሲጠይቋቸው እንኳ ፈገግ ብለው ያልፉታል። ከሰፈሩ አንድም ሰው ወንድም ኢዮብን፣ ልጆቹን ወዴት ነው የወሰድካቸው ብሎ አልጠየቀም። እኔ ጠይቄ፣ እምነት የጎደለው ተብዬ ተመለስኩ።

እትዬ አስቴር በአጥሩ ላይ ማውራት ተወች። ሌሊት ሌሊት ስትጸልይ ድምጿ ይሰማቸው ነበር። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት አብረን ስንወጣ መምህር ጴጥሮስ በድንገት ቆሙ።

«ረቡዕ ጸሎት ላይ ንስሐ ልገባ ነው» አሉኝ። «ቃሌን እመልሳለሁ። በቂም የተናገርኩት ነው እላለሁ።»

«ምን ነካዎት?» አልኳቸው። «እርስዎ እኮ አልረገሙም።»

«አስቴር እንቅልፍ የላትም። ልጇ የጠፋው በጦርነት ከሆነ ምንም ልታደርግ አትችልም። በኔ አፍ ከሆነ ግን፣ አፍ ይሻራል። ጸሎት ይደረግበታል፤ ልጁም ይመለሳል ብላ ትጠብቃለች። የቱን ልስጣት?»

«የሚሰጧት ውሸት ነው።»

«አዎ» አሉ።

ረቡዕ መድረኩ ፊት ተንበረከኩ። በዚያ ዕድሜያቸው፣ በዚያ ጉልበታቸው። ከክፉ ልብ ተናግሬያለሁ፣ ቃሌን መልሻለሁ፣ ይቅር በሉኝ አሉ። ሰው በደስታ አለቀሰ፣ ዘመረ። እኔ አጎንብሼ ጫማዬን አየሁ፤ እንዲህ ያለ ኀዘን አዝኜ አላውቅም። ማታውን እትዬ አስቴር ቆጮና አይብ በሳህን አድርጋ በአጥሩ ላይ ሰጠቻቸው። በጠዋት ሲያገኙኝ፣ «ሌሊቱን ድምጿ አልተሰማም፤ ተኝታለች» አሉኝ፤ ፊታቸው በርቶ ነበር።

ደስታቸው ሳምንት አልዘለቀም። የሳቸውን ቃል ፈርተው ልጆቻቸውን እንዳይሄዱ የከለከሉ እናቶች እንደነበሩ ያወቅነው ያኔ ነው። ሟርተኛ ያሉትን ሰው ቃል ከማንም አብልጠው ያመኑት እነሱ ነበሩ። አሁን ሟርቱ በተናጋሪው አፍ ስለተሻረ የሚያስፈራ ነገር ቀረ። እሁድ ወንድም ኢዮብ መድረክ ላይ ወጥቶ መንገዱን የዘጋው ግንብ ፈርሷል አለ። ሆቴሉ ጓሮ ሰልፉ እስከ መንገድ ወጣ። ሁለተኛው ሽኝት ሲደረግ ከመድረኩ ፊት ለመንበርከኪያ ቦታ ጠበበ።

ወንድም ኢዮብ በሰው ሁሉ ፊት መምህር ጴጥሮስን ጠራቸው። ትናንት ያሰሩትን ዛሬ ይፍቱት አለ፤ ልጆቹን እንዲባርኩ ጋበዛቸው። እትዬ አስቴር ከፊት ወንበር በተስፋ ታያቸዋለች። እምቢ ቢሉ ንስሐቸው ውሸት መሆኑን ትረዳለች። ተነስተው ሄዱ።

በመጀመሪያው ልጅ ራስ ላይ እጃቸውን ጫኑ። «ስምህን ከነአባትህ ከነአያትህ ንገረኝ» አሉት። ልጁ ተናገረ። «የእናትህስ ስም? የተወለድክበትስ መንደር?» እሱንም ተናገረ። የሰሙትን ሁሉ ደግመው በማይኩ ጮክ ብለው ጠሩት፤ ሕዝቡ «አሜን!» አለ። ወደ ሁለተኛው አለፉ። እንዲህ እያሉ ሁሉንም አንድ በአንድ ጠየቋቸው፤ ሕዝቡም በየስሙ ላይ በሙሉ ድምፅ አሜን ይላል። ብዙዎች፣ እንዲህ ያለ ቡራኬ አይተን አናውቅም ብለው ተደሰቱ። እኔ ግን ምን እያደረጉ እንደሆነ ስለገባኝ ተነስቼ ደጅ ወጣሁ። መቃብር ለማይኖራቸው ልጆች ስማቸውን እያስጠሩላቸው ነበር።

ወደ ቤት ስንሄድ ክንዴን ይዘውኝ ነበር። «አንዷን አስተኛሁ» አሉኝ። «የነዚያን ሁሉ እናቶች እንቅልፍ ግን በእጄ ወሰድኩ።» ከዚያ በኋላ ወደ ትምህርት ቤት አልተመለሱም። ስጠይቃቸው አልጋቸው ላይ ተቀምጠው አገኛቸዋለሁ፤ ምግብ አይበሉም፤ ሐኪሙም ይህ ነው የሚባል በሽታ አላገኘም። ከሄዱት ልጆች ወሬ ሲጠፋ ሰዉ ንስሐቸው ከልብ አልነበረም አለ፤ እትዬ አስቴርም እንደገና በአጥሩ ላይ ማውራት ተወች። በክረምቱ መግቢያ አረፉ።

በሦስተኛው ቀን ድንኳን ውስጥ ጥቂት ሰዎች ተቀምጠን ነበር። ዝናብ ሸራውን ይደበድበዋል። እትዬ አስቴር ነጠላዋን አዘቅዝቃ ገባች። ለማንም ሰላም ሳትል መጥታ እኔ አጠገብ ተቀመጠች።

«ምህረቱ» አለችኝ፣ «ከማንም ይልቅ አንተ ታውቀዋለህ። ጋሽዬ እውነት ልጄን ረግሞብኝ ነበር?»

ረግመዋል ብላት፣ ወንድሟን እንደጠላች ልጇን ትጠብቃለች። አልረገሙም ብላት፣ ወንድሟን መልሳ ታገኛለች፤ ልጇን ግን ምን አድርጌ ልመልስላት? መምህር ጴጥሮስ ነፍሳቸውን የሰጡበትን ነገር እኔ በአንድ ቃል ላፈርሰው ነው። ድንኳኑ ውስጥ ሻይ የምታዞረው ልጅ እንኳ ቆማ ታየኝ ነበር።

«ዋሽተህ አታስተኛኝ» አለች። «መተኛት በቃኝ።»

«አልረገሙም፣ እትዬ» አልኳት።

«ታዲያ ረግሜያለሁ ብሎ ለምን ተንበረከከ?»

«አንቺ ተስፋ እንዳትቆርጪ ብለው ነው።»

«ስለ ልጆቹ የተናገረውስ?»

«የሚያውቁትን ነው የተናገሩት።»

እጇን ጉልበቷ ላይ እንዳኖረች ዝናቡን አዳመጠች። ከዚያ ተነሳች፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች። «ወንድሜ!» ብላ አንድ ጊዜ ጮኸች። ትንፋሿን ሰበሰበችና ፊቷን ወደ ደጁ አዙራ፣ «በረከቴ! ልጄ፣ በረከቴ!» እያለች ደረቷን ትመታ ጀመር። መርዶ ላልተነገረለት ልጅ ሙሾ ማውጣት በእኛ ዘንድ ከሟርትም ሁሉ የከፋ ሟርት ነው። ከተቀመጡት ሴቶች መካከል ልጆቻቸው በሁለተኛው ዙር የሄዱ እናቶች ነበሩ። አንዷ የእትዬ አስቴርን አፍ ልትይዝ ብድግ አለች፤ አጠገቧ ደርሳ እጇን ዘረጋች፤ ከዚያ እጇን ራሷ ላይ ጫነችና የገዛ ልጇን ስም ጠራች።